የፋንታዬ ባልዲ

ደክሞኛል። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ያደረግኩትን ስትሰሙ «ይቺ ክፉ ሴት» የምትሉ አትጠፉም። ክፉ እንኳ አይደለሁም። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ ዓይኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲንከራተት ውሎ ማታ የቴሌቪዥን ጽሑፍ አያነብልኝም። የደከመ ሰው ደግሞ ቂም ለመያዝ ብቻ ጉልበት አያጣም።

ብርነሽ እባላለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሐበሻ ከሚበዛበት ከሞርስ ሮድ አሥር ደቂቃ በመኪና የሚያስኬድ ትንሽ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የጠዋቱ ሺፍት ሊድ፣ የተረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩት ወድጄ አይደለም፣ ትደርሱበታላችሁ።

የምንሠራው ዕቃ ከምስር ክክ ያንሳል። ጆሮው የከበደ ሰው በሚያደርገው ማዳመጫ ውስጥ የምትገባ ቁራጭ ናት። ክብ ራስ አላት፣ ከራሷ ደግሞ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር እግር ይወጣል። ጣጣው ሁሉ እግሩ ላይ ነው። ማሽኑ ፕላስቲኩን ያቀልጥና በሁለት ብረቶች መካከል ይረጨዋል፤ ብረቶቹን ሞልድ እንላቸዋለን፣ ቅርጹን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የቀለጠው ፕላስቲክ ቀዝቅዞ ከመጠንከሩ በፊት እግሩ ጫፍ ድረስ መሮጥ አለበት። እዚያ ጫፍ ላይ ግን አየር ተቀምጧል። አየሩ መውጫ ካላገኘ ወይ ፍንክች፣ ፕላስቲኩን አያስገባም! ለዚህ ሲባል ብረቱ ላይ በዓይን የማይታዩ የአየር መውጫ ጭረቶች አሉ። እነሱ ከተደፈኑ እግሩ ሳይሞላ ይቀራል፤ ራስ አለ፣ እግር የለም። ያልሞላውን «ሾርት» ብለን ቀይ ባልዲ ውስጥ እንጥለዋለን።

ከእኔ ቀጥሎ በዚያው ማሽን የከሰዓቱን ሺፍት የምትሠራው ፋንታዬ ናት። ፋንታዬና እኔ ናይሮቢ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ሦስት ዓመት ኖረናል። ስትታመም ገላዋን አጥቤያታለሁ፤ ስታመም አጥባኛለች። አሜሪካም የገባነው በስድስት ወር ልዩነት ነው። እዚህ ፋብሪካ አፕላይ እንድታደርግ የጎተጎትኳትም እኔ ነኝ። እህቴ ናት ብል ማንም «የት ተወለዳችሁ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

በ2021 ጃንዋሪ ላይ ወንድሜ ለማ ሐዋሳ ሞተ። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አባቴን አላውቀውም፣ ለማን ነው የማውቀው። መሄድ አልቻልኩም፣ ጊዜው የኮሮና ነው። ቤቴ ተቀመጥኩ። የሚያውቀኝ ሁሉ እንደየአቅሙ ደረሰልኝ፤ ግማሹ ምግብ በር ላይ አስቀምጦ ሜዳ ላይ ቆሞ አለቀሰ፣ ግማሹ ማስኩን አጥብቆ ገብቶ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ወጣ። ፋንታዬስ? ፋንታዬ ቴክስት አደረገችልኝ። ቴክስት! «ነፍስ ይማር» ይላል፣ የሻማ ሥዕል አለበት።

ባሏ ጀማነህ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ነው። ሐኪሙ «ሰው የተሰበሰበበት ቤት ድርሽ እንዳትሉ፣ ጉንፋን እንኳ ይገድለዋል» ብሏቸዋል። አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር። ግን ሐዘን የተቀመጠ ሰው ማወቅ ምን ይረባዋል? በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፣ ሌላ ሰው ነው። ሰባት ቀን ቀና ስል ከረምኩ። በስምንተኛው ቀን ሥራ ስገባ ኮርፌ ነው የገባሁት። የእኔን ኩርፊያ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና «ብርነሽ የኮረፈች እንደሆን ሽማግሌ መላክ ሽማግሌውን ማሳመም ነው» ትል ነበር።

ለመኳረፍ የሚመች ዘመን ቢኖር ያ ዘመን ነው መቼም። ፋብሪካው ሺፍት ከሺፍት እንዳይገናኝ ብሎ መሀል ላይ ግማሽ ሰዓት ክፍተት አደረገ። እኛ በፈረንጅ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑን አቁመን በኋላ በር እንወጣለን፣ እነሱ ሁለት ተኩል ላይ በፊት በር ይገባሉ። በፊት ማሽኑ አጠገብ ቆመን «ዛሬ ይሄ ጎን እያስቸገረኝ ነው፣ ሙቀቱን እይው» እንባባል የነበረው ቀረና አንድ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ሆነ። እኔም «ኖ ኢሹ» ላይ ምልክት አድርጌ እወጣለሁ። የፋንታዬን ፊት ሳላይ ወር ከወር ይሄዳል። አልፎ አልፎ ፓርኪንግ ላይ ስንተላለፍ እሷ ቆም ትላለች፣ እኔ ስልኬን እጎረጉራለሁ።

ጁን ላይ ነው ይቺ እግራም ዕቃ የመጣችው። ከዚያ በፊት የምንሠራው ወፈር ያለ ስለነበር ይሄ ሁሉ ጭንቅ አልነበረበትም። ኢንጂነራችን ኦሊያድ የሚባል የእኛው ልጅ ነው፣ በሁለት ዓመቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ። አማርኛው እንደነገሩ ነው፣ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ግን ጨዋ ልጅ ነው፤ «እትዬ» ማለትን እናቱ አስጥላው አታውቅም። የጠዋቱን ሺፍት ሰብስቦ ሞልዱን አሳየን። «ይሄን ስታጠጂ... ስትጠርጊ፣ ድራይ ጨርቅ ኦንሊ። ኖ ስፕሬይ። ስፕሬይ ሳተርደይ ብቻ፣ ሜንተናንስ ነው የሚያደርገው። ኦኬ፣ እትዬ ብርነሽ?» አለኝ። «ኦኬ» አልኩት። በሆዴ ግን «ሆሆ! ጡት ሳይጥል ብረት የጠረግኩትን ሴትዮ መጥረግ ሊያስተምረኝ!» አልኩ። አልሰማሁትም ማለት ነው፤ ጆሮዬ ሰማ እንጂ እኔ አልሰማሁትም።

እኔ ስሠራ የኖርኩት እንዲህ ነው። ማሽኑ ሲቆም ሞልዱን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ የዝገት መከላከያውን ስፕሬይ ረጨት አደርግለትና በጨርቅ አስተካክዬ እሄዳለሁ። የመጀመሪያ ፋብሪካዬ ውስጥ ብረት ራቁቱን ትተሽ እንዳትሄጂ ብለው ነው ያስተማሩኝ። በአሮጌው ዕቃ አሥር ዓመት ሠራሁት፣ ማንም ምንም አላለኝ። ከተኳረፍን ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ማሽኑን እንደ ዓመት በዓል ቤት ነው የማጸዳው። ለፍቅር እንዳይመስላችሁ። ፋንታዬ ገብታ «አይ ብርነሽ፣ ቆሻሻዋን ጥላልኝ ሄደች» የምትልበት አንዲት ነገር እንዳታገኝ ነው።

ጁን ሳያልቅ የፋንታዬ ሺፍት ምርት መጉደል ጀመረ። ጠዋት ስገባ ቀይ ባልዲዋ ጢም ብሎ ይጠብቀኛል። የእኔ ባልዲ ታቹ አይሸፈንም። ኦሊያድ ግራ ገባው። ሙቀቱን ጨመረ፤ ግፊቱን ጨመረ፤ ፕላስቲኩ ባልተፈለገበት ጠርዝ ሽቅብ ወጣ እንጂ እግሩ አልሞላም። ሌላ ፕላስቲክ አስመጣ፣ አላማረም። የገረመው ደግሞ ሲመሽ ዕቃው እየተስተካከለ መሄዱ ነው፤ የሚበላሸው ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ግድም ነው። ሰኞ ጠዋት ላይ ያለው ደግሞ ምንም አይልም፤ ቅዳሜ የተረጨውን ሜንተናንሶቹ፣ ማሽን ጠጋኞቹ፣ ጠንከር ባለው ፈሳሽ አጥበው ነዋ የሚያስነሱት። ይሄን ያኔ ማን አስቦት።

ማናጀሩ የመሰለው ሌላ ነው። ማሽኑ አንድ፣ ሞልዱ አንድ፣ ፕላስቲኩ አንድ። የሚለየው ሠራተኛዋ ናት። «ስታስነሳ አንድ የምትሳሳተው ነገር አለ» አለ። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠነቀቋት። «ምን አለች?» ብዬ ከሺፍቷ አንዷን በስልክ ጠየቅኳት። «ምንም። ዝም ብላ ፈረመች» አለችኝ።

እኔ ያን ባልዲ ባየሁ ቁጥር ምን እንደምል ልንገራችሁ? «ይበላት» እላለሁ። ጮክ ብዬ አይደለም፣ በማስኬ ውስጥ። በየጠዋቱ። ቅዳሴ ቆሜ እሑድን አሳልፌ ሰኞ መጥቼ እንደገና «ይበላት» እላለሁ። እያልኩም ቅልል አይለኝም፤ ይልቅ ይደክመኛል።

ኦገስት አጋማሽ፣ ረቡዕ ቀን፣ ማናጀሩ ቢሮ ጠራኝ። «ነገ ከሰዓት ፋንታዬ አትገባም። አንቺ ቆይተሽ የእሷን የመጀመሪያ ሦስት ሰዓታት ሥሪልን። በአንቺ እጅ ጥሩ ከወጣ ችግሩ ማሽኑ አይደለም ማለት ነው፤ ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ ጠርተናት እንጨርሳለን» አለኝ። እንጨርሳለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአሥራ አንድ ዓመት ሠራተኛ አይተረጎምም። ጀማነህ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሁለቱም የሕክምና ኢንሹራንስ በፋንታዬ ሥራ ነው። እሷ ከወጣች የዚያ ሰውዬ መድኃኒት ይቆማል። ይሄን አውቄ «እሺ» አልኩ። ምን ልበል? ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ የእኔ እጅ ከእሷ እጅ እንደሚሻል የሚያሳይ ፈተና መጣልኝ ብዬ ትንሽ ደስም ብሎኛል።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ወጣ። እኔ ማሽኑን አቆምኩ፣ ጠረግኩ፣ ስፕሬዩን ረጨሁ፣ በጨርቅ አስተካከልኩ። እጄ ነው የሚሠራው፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ሳንድዊቼን በላሁ። ሁለት ተኩል ላይ አስነሳሁት። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቁራጮች ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኳቸው።

እግር የላቸውም።

ሌላ አሥር አመጣሁ። የአንዱ እግር ግማሽ ድረስ መጥቶ ቆሟል፣ ጫፉ ጠቁሯል፤ መውጫ ያጣ አየር ተጨምቆ ሲግል ፕላስቲኩን ያሳርረዋል። የሌሎቹ ጭራሽ ጉቶ ነው። ሦስተኛውን አሥር አይቼ ሳልጨርስ ማሽኑን አቁሜ ሞልዱን ከፈትኩና የእጅ ባትሪ አበራሁበት። ብረቱ ላይ ስስ ዘይት ያብረቀርቃል። የረጨሁት እኔ ነኝ። ከግማሽ ሰዓት በፊት። ያን ጊዜ የፕላስቲክ ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩ። ማርያምን! ሁለት ወር ሙሉ የፋንታዬን ባልዲ ስሞላ የከረምኩት እኔው ነኝ። ከዚያ «ይበላት» የምልም እኔው ነኝ።

አሁን ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ተነስቶ ይጠራል፣ «ኦሊያድ፣ ና እይ» ይላል። እኔ ያደረግኩትን ስሙ። የኬሚካል ቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው የጠዋቱ ሊድ ጋ ነው፣ እኔ ጋ። ከፍቼ ጠንካራውን ፈሳሽ አወጣሁ፣ በብሩሽ ጭረት ጭረቱን አጠብኩ፣ በአየር ነፋሁ። ሰላሳዎቹን ሾርት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ኦሊያድ አራት ሰዓት ላይ ሲመጣ ማሽኑ እግር በእግር ላይ እያወጣ ነበር። ከመቶ ዘጠና ሰባት። «ዋው፣ እትዬ! ሶ ማሽኑ ፋይን ነው» አለ። ደስ ያለው ግን አይመስልም፤ ፋንታዬን ይወዳታል ልጁ። ፈራሁ እኮ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሥራዬን ፈራሁ፣ ስሜን ፈራሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፣ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ እኔው እለክካለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ቤቴ ገብቼ ጃኬቴን ሳወልቅ እነዚያ ቁራጮች ከኪሴ ምንጣፉ ላይ ፈሰሱ። ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ። ለማ ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ልጅ ሆኜ የጎረቤት እንስራ ሰብሬ በእህቴ ሳላክክ ለማ አልገረፈኝም፤ እጄን ይዞ እዚያው ጎረቤት ቤት ወስዶ «ንገሪያቸው» ብሎ በር ላይ አቆመኝ። እሱን አስቤ አለቀስኩ። ከሰባት ወር ወዲህ ለእሱ ብቻ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሳለቅስ የነበረው በፋንታዬ ተናድጄ ነበር መሰለኝ።

ዓርብ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማሽኑ ሳይቆም፣ ኦሊያድን ይዤ ቢሮ ገባሁ። እንግሊዝኛዬ ለገበያ ይበቃል፣ ለኑዛዜ ግን አይበቃም፤ ስለዚህ እኔ በአማርኛ እያልኩ ኦሊያድ ወደ እንግሊዝኛ ያዞራል። ስፕሬዩን ተናገርኩ። «ድራይ ጨርቅ ኦንሊ ብዬሽ ነበር ኮ» አለኝ መሀል ላይ፣ ሳያዞረው። «ብለኸኝ ነበር ልጄ» አልኩት። ቀጥሎ ትናንትን ተናገርኩ፤ ሰላሳዎቹን በላስቲክ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይሄን ጊዜ ኦሊያድ ማዞሩን አቆመና አየኝ። እናቱ የሰረቀች ያህል ነው ያየኝ። ማናጀሩ «ምን አለች?» ሲለው ነው የነገረው።

ማናጀሩ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ሊድነቴን ወሰደ፣ ቁልፉን አስረከብኩ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ፈረምኩ፣ ከሰኞ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ነሽ ተባልኩ። «ፋንታዬስ?» አልኩ። «የእሷ ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል፣ ትቀጥላለች» አለ። እሱን ስሰማ ቆሜ መሄድ ቻልኩ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ማስነሳት አቃተኝ። ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥኩ እንጃ። መስኮቱ ሲንኳኳ ቀና አልኩ፤ ፋንታዬ ናት። ከስታለች። ፀጉሯ ከፊት ሸብቷል፤ ሰባት ወር አጠገቧ እያለፍኩ ይሄን አላየሁም። መስኮቱን ዝቅ አደረግኩት።

«ነገሩኝ» አለች።

«ፋንታዬ፣ አላወቅኩም ነበር። ትናንት ነው ያወቅኩት።»

ማስኳን አወረደችና መኪናው ላይ ተደገፈች። እሷም ደክሟታል፤ ፊቷ ላይ ያለው ድካም የእኔን ያስንቃል።

«እኔ ጁን ላይ ነው ያወቅኩት» አለች። «ማስኬን ዝቅ ሳደርግ ሸተተኝ። ጣቴን ብረቱ ላይ ባስኬደው ዘይት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማነው የሚቀባው ቢሉኝ ማን ልበል?»



«በጨርቅ እጠርገው ነበር» አለች። «በጨርቅ አይወጣም። ማሽኑ ራሱ እየሠራ አቃጥሎ እስኪጨርሰው ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጠንካራውን ፈሳሽ ስጡኝ ብል ለምን ይሉኛል። ስለዚህ እጠብቀዋለሁ።»

«ጀማነህስ ፋንታዬ? መድኃኒቱስ? ለሱ ስትዪ እንኳ...»

«ለሱ ነገርኩታ። እሱ ነው ዝም በይ ያለኝ። ‹አውቃ ነው የምታደርገው። ለማ እኔንም ወንድሜ ይለኝ ነበር፤ እኛ ነን የበደልናት፣ እስኪወጣላት ተያት› አለኝ። እኔም ልክ ነው አልኩ። ለቅሶሽን ሳልደርስ ደግሞ ከእንጀራሽ ላስወጣሽ?»

ይሄን ያለችው ልትወቅሰኝ አይደለም። ብትወቅሰኝ ምን ነበረበት! ሰዓቱን እንደምትነግረኝ ነው ዝም ብላ ያለችው። እነሱ ቤት፣ ሚነርቫ ፓርክ የሚባለው ሰፈር፣ ያ ሰውዬ መድኃኒቱ ከደሙ ጋር እየታገለ፣ ማታ ማታ ሁለቱ ተቀምጠው እኔ ሆን ብዬ እንጀራቸውን እየቆረጥኩ እንደሆነ እያወሩ፣ «ይውጣላት» እያሉ ከርመዋል።

«አውቄ አልነበረም» ልላት አፌን ከፈትኩ። በለማ ነፍስ ልምልላት ነበር፤ እውነት ነው፣ አላወቅኩም። ግን ጁላይን ሙሉ፣ እስከ ኦገስት አጋማሽ፣ በየጠዋቱ ምን እንዳልኩ አውቃለሁ። ያን ዘይት አውቄ ብቀባው ኖሮ ከዚያ የተለየ ምን እል ነበር?

አልማልኩም። ፋንታዬም አልጠየቀችኝም። ማስኳን መልሳ አደረገች፣ እጇን በመስኮቱ አስገብታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ገባች።